ታሪኩን የሰማ ፊልሙን አላየም

እዚህ ደቡብ ጎንደር፣ አርብ ገበያ ከተማ ሲኒማ ቤት የለንም፤ ሞባይል ቤት ግን አለን። በገበያው ቀን ከታች ጋይንት ቀበሌዎች እህል ጭኖ ወይ በግ ነድቶ የወጣ ወጣት ጉዳዩን ሲጨርስ ወደ አንዱ ሱቅ ጎራ ይልና ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ «ፊልም ጫንልኝ» ይላል። «ሙሉውን ነው ታሪኩን?» ይለዋል ባለሱቁ። «ታሪኩን አድርግልኝ ወንድሜ፣ ሙሉውን ማን ቁጭ ብሎ ያየዋል?»

«ታሪኩ» የሚባለውን ለማያውቅ ላስረዳ። አንድ ሰው የውጭ አገር ፊልም ወስዶ ይቆራርጠዋል፤ የተዋናዮቹን ድምፅ ያጠፋል፤ ከላይ በአማርኛ እየተረከ በአሥር ወይም በአሥራ አምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ዩቲዩብና ቲክቶክ በዚህ ተጥለቅልቀዋል። ከዚያ ወርዶ ከስልክ ወደ ስልክ እየተገለበጠ ኔትወርክ የማይዝበት ጎጥ ድረስ ይገባል። ብዙዎቹ ተራኪዎች ድምፃቸው ያማረ፣ አማርኛቸው የተባ ነው። ለዚህ ነው ነገሩ የተወደደው፤ ለዚህም ነው ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው።

እኔ ይህን ልማድ እቃወማለሁ። ሰው አሥር ደቂቃ ሰምቶ «ያንን ፊልም አይቼዋለሁ» ሲል ያመኛል። ፊልሙ የቀረበት ለዛሬ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ፤ መጨረሻውን ስለሰማ ዳግመኛ ላይፈልገው ነው። በአሥር ደቂቃ ትረካ ለዘለዓለም ይዘጋበታል።

ከልማዱ ጀርባ ያለው እምነት አንድ ነው፦ ፊልም ማለት ታሪኩ ነው፤ ማን ምን ሆነ፣ በመጨረሻ ማን ሞተ፣ ማን ማንን አገባ። ይህ እምነት ሐሰት ነው። ሐሰትነቱን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ በ1938 ዓ.ም. ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ የሠራው «ጤዛ» ይበቃኛል። ይህ ፊልም በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን ወሰደ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉው ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አገኘ። ተራኪ እጅ ቢገባ እንዲህ ይሆናል፦ «አንበርብር የሚባል ወጣት ጀርመን አገር ሕክምና ተማረ፤ በደርግ ጊዜ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ጓደኛው ተገደለበት፤ እንደገና ጀርመን ሄደ፤ እዚያ ዘረኞች ደብድበው ከመስኮት ወረወሩት፤ እግሩን አጣ፤ በመጨረሻም እናቱ ወዳሉበት መንደር ገባ።» በሁለት ደቂቃ አለቀ።

ፊልሙ ግን እንዲህ አይሄድም። የሚጀምረው ከመመለሱ ነው። አንድ እግሩን ያጣ ጎልማሳ ጣና አጠገብ ወዳለው መንደሩ ይመጣል፤ እናቱም፣ እኛም፣ ጎረቤቱም ምን እንደደረሰበት አናውቅም። ሌሊት እየጮኸ ይነሳል። ትዝታው በቁርጥራጭ ይመጣል፤ አዲስ አበባ፣ ጀርመን፣ ልጅነቱ ተቀላቅለው ይመጣሉ፤ በዚያው መንደር ደግሞ ወጣቶች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ገብተው ይደበቃሉ። ተመልካቹ ከሰውየው ጋር እየፈለገ፣ እየጠፋበት፣ ቀስ በቀስ ያገኘዋል። አንድ ሰው አእምሮው ውስጥ የተሰበረውን ዘመን መልሶ ሲገጣጥም ማየት ነው ፊልሙ። ተራኪው ዓመቱን በየተራው ሲደረድረው ሰባራውን ጠግኖ ያስረክበናል፤ የተሰበረውን ለማየት ነበር የተቀመጥነው።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ደግሞ እንውሰድ። ኃይሌ በ1974 እ.ኤ.አ. የንጉሡ መንግሥት በሚወድቅበት ጊዜ አገር ቤት መጥቶ የቀረጸው፣ በ1976 የወጣ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚፈጅ ፊልም ነው። ለባላባት የሚያርስ የጭሰኛ ቤተሰብ ኑሮ ነው የሚያሳየው። ዘገምተኛ ነው የሚሉት ብዙ ናቸው። ማለዳ እንስሳቱ ሲወጡ፣ ሰው ዳገት ሲወጣ፣ እርሻ ሲታረስ ካሜራው አይቸኩልም። በሬ ጠምዶ የማያውቅ የከተማ ሰው «ምንም አልተፈጠረም» ሊል ይችላል። ታች ጋይንት ተዳፋት ላይ ሞፈር የጨበጠ ሰው ግን አንድ ትልም ስንት እስትንፋስ እንደሚፈጅ ያውቃል። ያ ርዝመት ራሱ የፊልሙ ንግግር ነው፤ ድካሙ በሰዓት ይለካል እንጂ በቃል አይነገርም። ፊልሙ ውስጥ ልጅቷ ወላጆቿ እንደ በሬ ተጠምደው ሲነዱ በሕልሟ የምታይበት ቦታ አለ። ያ ሕልም የሚያስደነግጠን ከእሱ በፊት ሰውና በሬ በአንድ ማሳ ላይ እኩል ሲደክሙ ለረጅም ጊዜ ስላየን ነው። «ልጅቷ መጥፎ ሕልም አየች» ብሎ የሚያልፍ ትረካ ምን ነገረን?

ጋይንት እንዲህ ዓይነቱን ነገር ከማንም ቀድሞ ማወቅ የነበረበት አገር ነው። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም እዚሁ ጋይንት ናት። ስንት ተማሪ ከስንት አገር እየመጣ፣ ኮቾሮ እየበላ፣ ከዓመት ዓመት ድጓውን በቃሉ ሲወጣ አይተናል። አንድም መምህር «ፍሬ ሐሳቡን ልንገርህና ሂድ» አይልም። ዜማው ካልተዜመ፣ ምልክቱ በየቦታው ካልተጠበቀ ድጓ የለም። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ያቆመ ሕዝብ ልጆች ሥራና ሥራውን የሚያወሳ ወሬ አንድ ናቸው ብለው ሲቀበሉ ማየት ያሳዝናል።

የሚቀርብልኝን መልስ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የሚነሳው «የገጠር ሰው ረጅም ነገር የማየት ትዕግሥት የለውም» የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት የት ነበሩ? «ጥቁር ፍቅር»ና ሌሎቹ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ሲቀርቡ ዲሽ ያለበት ቤት ሁሉ ጎረቤት ሞልቶበት ነበር። እናቶች ቡናውን ከድራማው ሰዓት ጋር አስማምተው ያፈሉ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ለወራት፣ ክፍል ሳያመልጠው፣ የገጸ ባሕርያቱን ዝምታና ልቅሶ ሳይቀር ተከታትሏል። ያኔ የአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎች ቃናን ባህል አጥፊ፣ ገበያ ዘጊ ብለው ተቃውመውታል፤ የገበያው ስጋት እውነት ነበረው። ማንም ያላነሳው ግን ትልቁ ትምህርት ነው፦ ሕዝቡ በገባው ቋንቋ ከቀረበለት ሙሉ ሥራ ማየት ይችላል፣ ይወዳልም።

ሁለተኛው መልስ የቋንቋው ነው፤ እሱን አከብረዋለሁ። እንግሊዝኛ ያልገባው ሰው ከሥር የሚሮጠውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንዲያነብ አይጠበቅም። ግን ለዚህ መድኃኒቱ ፊልሙን መጣል ነው? ዱሮ ቪዲዮ ቤት ስንገባ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ወይም ፊልሙን ደጋግሞ ያየ ሰው ከጥግ ሆኖ «አሁን ወንድሙን የገደለው እሱ መሆኑን ነገራት» እያለ ጮክ ብሎ ያስረዳን ነበር። አንዳንዴ ይሳሳት ነበር፣ አንዳንዴም ያበዛው ነበር። ፊልሙ ግን ሙሉ ሆኖ እየሄደ ነው፤ የተዋናዩ ፊት አለ፣ ድምፁ አለ፣ ሙዚቃው አለ፣ ዝምታውም አለ። ሰውየው ረዳን እንጂ በፊልሙ ቦታ አልተቀመጠም። የዛሬው ተራኪ ፊልሙን አስወጥቶ ራሱ ወንበሩን ይዟል። የገጸ ባሕርያቱን ስም እንኳ ትቶ «ይሄ ልጅ»፣ «ይቺ ሴት» እያለ ይሄዳል፤ ዳይሬክተሩንማ ማን ያነሳዋል! ብዙ ጊዜ የፊልሙን ርዕስ እንኳ አይናገርም። ወደዱት እንበል፤ ተመልካቹ በምን ስም ብሎ ይፈልገው?

ሦስተኛው የዳታና የመብራት ነገር ነው። ዳታ ውድ ነው፤ መብራት ይጠፋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሲቆይ ደግሞ መዝናኛችን ሁሉ ሚሞሪ ካርድ ላይ የተገኘው ብቻ ሆኖ ነበር። ካርዱን የሚሞሉት ሱቆቹ ናቸው፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምወቅሳቸው። በስልክ ለማየት የሚበቃ ጥራት ያለው ሙሉ ፊልም አምስት መቶ ሜጋባይት ቢይዝ ነው። ሠላሳ ሁለት ጊጋ ካርድ ከሃምሳ በላይ ሙሉ ፊልም ይችላል። ቦታ አልጠፋም። ብዙ የአማርኛ ፊልሞችም ሙሉ በሙሉ ዩቲዩብ ላይ ተለቀዋል፤ የቋንቋ ምክንያት እዚያ ላይ አይሠራም።

ይኸው በሽታ የመዝናኛ ዜናውንም ይዞታል። ፊልም ወጣ ሲባል የምንሰማው በምርቃቱ ማን ምን ለብሶ እንደመጣ፣ ተዋናይዋ ስንት እንደተከፈላት፣ ማን ከማን እንደተለያየ ነው። ፊልሙ ምን እንደሚመስል የሚነግረን የለም። «ድፍረት»ን አስታውሳለሁ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው ይህ ፊልም በ2014 እ.ኤ.አ. በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ። በጠለፋ የተወሰደች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ የምትከሰስበት፣ ጠበቃ መዓዛ አሸናፊ የቆመችላት፣ ከእውነተኛ ጉዳይ የተነሳ ፊልም ነው። ወሬው ግን አንጀሊና ጆሊ ስሟን ማዋሷና አዲስ አበባ ላይ የምርቃቱ ዕለት በፍርድ ቤት እግድ መቋረጡ ሆኖ ቀረ። እኔን የያዘኝ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በልጅቷ ጉዳይ የሚመክሩበት ቦታ ነው። ፊልሙ አያፌዝባቸውም፤ እያንዳንዱ ሰው ተነስቶ የሚያምንበትን ይናገራል። ልማዱ ክፉ ሆኖ ሳለ የሚናገሩት ሰዎች የምናውቃቸው አባቶች መሆናቸው ነው የሚከብደው። ያለ ዕድሜ ጋብቻን በሰበካ ብቻ ለማስቀረት ስንታገል በኖርንበት ደቡብ ጎንደር ይህንን ትዕይንት ሰው ሙሉውን አይቶ ቢወያይበት ከስንት ስብሰባ ይበልጥ ነበር። «አንዲት ልጅ ተጠልፋ ጠላፊዋን ገደለች» የሚለውን ግን ሰምቶ «አይ ጉድ!» ይልና ወደ ሌላ ቪዲዮ ያልፋል።

ሠሪዎቹስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የኦዲዮቪዥዋል ሥራ ባለቤት እንዳለው ሕጉ ይናገራል። የሰው ፊልም ቆራርጦ በራስ ድምፅ መሸጥ እንደ ሙያ መቆጠሩ ትክክል አይደለም። ያ ያማረ ድምፅ ከባለቤቱ ጋር ተስማምቶ አንድ ፊልም ሙሉውን በአማርኛ ቢያናግር፣ ወይም ከሥሩ የአማርኛ ጽሑፍ ቢያስገባ፣ ሥራው ይከብዳል፤ ግን ሥራ ይሆናል። ቢያንስ ቢያንስ የፊልሙን ርዕስ፣ የዳይሬክተሩንና የአገሩን ስም በመጀመሪያው ደቂቃ ይናገር። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

አርብ ገበያ ላሉ ባለሱቆች የምጠይቀው ደግሞ ቀላል ነው። ከሙሉ ፊልሞች የተመረጡትን ለብቻ ፎልደር አድርጋችሁ አስቀምጡና መጀመሪያ እሱን አሳዩ፤ ታሪኩን የሚፈልግ ራሱ ይጠይቃል። የወረዳው ሰዎችም ለስብሰባ ብቻ የሚከፈተውን አዳራሽ በወር አንድ ቀን ለፊልም ይፍቀዱ፤ ፕሮጀክተር፣ ድምፅ ማጉያና መብራት ሲጠፋ የሚነሳ ጄኔሬተር ካለ በቂ ነው። ገበሬውም፣ ተማሪውም፣ ቄሱም ይምጡ። የመጀመሪያው የቱ ይሁን ብትሉኝ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይሁን እላለሁ፦ ሁለት ሰዓት ተኩሉን ሙሉ፣ ማንም ከላይ ሳይተርክበት።