የፊደላችን ቁልፍ ምድር ቤት እንዳይበሰብስ

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ አበው። ይህን አባባል ያስታወሰን ባለፈው ሰሞን በአውሮራ ከተማ፣ ከኮልፋክስ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ወዳጃችን ምድር ቤት ያወጣነው የጫማ ካርቶን ነው። ካርቶኑ ፍሎፒ ዲስክ ሞልቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከአገር ስንወጣ በሻንጣችን ይዘናቸው የመጣን፣ ኋላም በአደራ ያስቀመጥናቸው ዲስኮች ናቸው።

በውስጣቸው ያሉት የመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ በነበርንበት ጊዜ ሳይታተሙ የቀሩ ጽሑፎች ናቸው። ጥቂቶቹን ያስቀረናቸው ከበላይ «ይቅር» ተብለን ነው። ሌሎቹን ግን፣ አንባቢ ይወቅልን፣ ማንም ሳያዘን ፈርተን «ይቆይ» ያልናቸው እኛው ነን። ከጸሐፊዎቹ መካከል ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ። የሙት ዕዳ አለብን ማለት ነው።

ዲስኩ ተከፈተ፤ ጽሑፉ ግን አልተነበበም። በአማርኛ ፈንታ የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ወጣ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሠሪ ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቁጥሮች ላይ እንደየፈቃዱ ይደለድል ነበር። የአንዱ «ለ» የሌላው «መ» ነው። የእኛን ጽሑፎች የጻፍንበትን ፕሮግራም የሠራውን ሰው ብንፈልግ አጣነው። ፕሮግራሙ ራሱ ከዲስኮቹ በአንዱ ላይ ቢኖርም በዛሬው ኮምፒዩተር አልሠራም አለ።

እዚሁ አውሮራ ያደገ አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያ ወጣት ደረሰልን። ነገሩን በጋዜጣ ምሳሌ እናስረዳ። ፕሮግራም ሠሪ መጀመሪያ ሰው የሚያነበውን ሶርስ ኮድ ይጽፋል። ይህ ረቂቅ ነው፤ ዳር ዳሩ ላይ «ይህን ያደረግሁት ስለዚህ ነው» የሚል ማስታወሻ አለበት። ኮምፓይለር የተባለው መሣሪያ ረቂቁን ማሽን ወደሚረዳው ቁጥር ሲለውጠው ማስታወሻው ይቀራል፤ ሠሪው ለየክፍሉ ያወጣው ስምም አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይጠፋል። ጋዜጣ ሲታተም የአዘጋጁ ቀይ ብዕር ከረቂቁ ጋር እንደሚጣለው ሁሉ ማለት ነው።

ከታተመው ወደ ረቂቁ የሚመልሱ መሣሪያዎች አሉ። ወጣቱ የተጠቀመው ጊድራ የተባለውን ሲሆን፣ ይህን እ.ኤ.አ. በ2019 በነጻ የለቀቀው የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ነው። የስለላ መሥሪያ ቤት ለስደተኛ ጋዜጠኛ ሲጠቅም አየን! ወጣቱ ማታ ማታ እየሠራ የትኛው ቁጥር ለየትኛው ፊደል እንደቆመ የሚናገረውን ሰንጠረዥ ከፕሮግራሙ ሆድ አወጣ። «ጋሼ፣ ሰውየው ለምን እንዲህ እንዳደረገ አላውቅም። ምን እንዳደረገ ግን ይኸው» አለን። በዚያው ሰንጠረዥ ጽሑፎቻችን ወደ ዩኒኮድ ተመለሱ።

ይህ የእኛ ካርቶን ብቻ ጉዳይ ነውን? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዚሁ በኮሎራዶ ዶ/ር አበራ ሞላ ሞዴትን፣ በካሊፎርኒያ ደግሞ አቶ ፍስሐ አጥላው የራሳቸውን የአማርኛ መጻፊያ ሠሩ። ማን ቀደመ የሚለውን ክርክር ለጊዜው እንተወው። ከዚያም አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝና ሌሎችም መጡ። ከግንቦት 1997 ምርጫ በኋላ የተዘጉት የግል ጋዜጦች የተለቀሙት ከዩኒኮድ ውጭ በሆኑ እንዲህ ባሉ ፊደሎች ነበር። የስንቱ እድር መዝገብ፣ የስንቱ ደራሲ ረቂቅ እንዲሁ ተቆልፎ ይሆን?

ስለዚህ ሦስት ነገር እንላለን። አንደኛ፣ የቀድሞ ፕሮግራም ሠሪዎቻችን ሶርስ ኮዳቸውን፣ እሱን ካልፈለጉ የፊደል ሰንጠረዡን ብቻ፣ በሕይወት ሳሉ ለሕዝብ ይልቀቁ። የሌላውን ድካም ገልብጦ መሸጥ ስርቆት ነው፤ የገዛ ጽሑፍን መክፈት ግን መብት ሊሆን ይገባል። ሁለተኛ፣ በዴንቨርም ሆነ በሌላው ዓለም ያላችሁ ወገኖች ፍሎፒ አትጣሉ፤ ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን የተጻፈበትንም ፕሮግራም ዛሬውኑ ገልብጡ። የዲስክ መግነጢስ በዕድሜ ይደክማልና ነገ ላይነበብ ይችላል። ሦስተኛ፣ ሙያው ያላችሁ ወጣቶች ለአባቶቻችሁ አንድ ማታ ስጧቸው።

መጽሐፈ ሄኖክ የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፍቶ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ትርጉም ነው። አባቶቻችን ብራናውን ስላልጣሉ ዓለም ዛሬ ያነበዋል። እኛ የጫማ ካርቶን መጠበቅ ያቅተን?

ያስቀረናቸውን ጽሑፎች በየጸሐፊዎቹ ስም፣ ቤተሰቦቻቸውን አስፈቅደን፣ አንድ በአንድ እናወጣለን። የዘገየ ቢሆንም «ይቆይ» ያልነው ይበቃል።

ቸር ይግጠመን!