ጊታር ከውጭ ብቻ ነው የሚመጣው ያለው ማነው?

ወለንጪቲ ለብዙዎቻችሁ ከአዳማ ወደ መተሐራ ስትሄዱ በመኪና መስኮት የምታዩዋት ሞቃት ከተማ ናት። ለእኔ ግን አንገቱ የጎበጠ አንድ ጊታር ግድግዳ ላይ የተሰቀለባት ከተማ ናት።

"ሀገር በስንት ጉዳይ ተወጥራ አንተ ስለ ጊታር?" የምትሉኝ አትጠፉም። ታገሱኝ፤ ነገሩ የጊታር ብቻ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ አናጺ ጓደኛዬ ጋር ኤሌክትሪክ ጊታር ለመሥራት ተነሳን። የማንንም ሞዴል ላለመቅዳት ተስማማንና የገላውን ቅርጽ ከክራር ወሰድን። እንጨቱ ዋንዛ ነው። የፍሬቶቹ ቦታ ሒሳብ ነው፦ የክሩን ርዝመት ለ17.817 ታካፍላለህ፣ የመጀመሪያውን ፍሬት ታገኛለህ። ከቀሪው ርዝመት ላይ ደግሞ እንደዚያው። በ648 ሚሊ ሜትር ከጀመርክ የመጀመሪያው 36.4 ላይ ያርፋል። ድምፅ የሚቀበለውን ፒክአፕ የሠራልን ዲናሞ የሚጠቀልል ባለሙያ ነው። ማግኔት ዙሪያ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ መጠምጠም ለእሱ የዕለት ሥራው ነው። ስንሰካው ጮኸ! የሰፈሩ ልጆች ደጁን ሞሉት።

በሦስተኛው ሳምንት አንገቱ ጎበጠ። ስድስት የብረት ክሮች አንድ ላይ ከ40 ኪሎ በላይ ይስባሉ። እንጨታችን በቅጡ አልደረቀም፤ አንገቱ ውስጥም የብረት ዘንግ አልቀበርንም። ይህን የሚነግረን ሰው አልነበረም።

ልብ በሉ፤ የጎደለን እጅ አልነበረም። በፈረንጆቹ 1950 ገላው ወጥ እንጨት የሆነ ኤሌክትሪክ ጊታርን በፋብሪካ በብዛት ማምረት የጀመረው ሊዮ ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት እንኳ አይችልም። የኩዊኑ ብሪያን ሜይ በ1963 ከአባቱ ጋር የጀመረውን ጊታር አንገት ያወጣው ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ነው። የኛው ሙላቱ አስታጥቄም አሜሪካ በሃርቫርድ በቆየበት ጊዜ ክራርን በማዘመን ላይ ሠርቷል። ሐሳቡ አለን፤ ወደ አናጺው ደጅ የሚያወርደው ግን ጠፋ።

ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን የውጭ ዕቃ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ጊታር የሚያምረው የወለንጪቲ ልጅ ምን ያድርግ? የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን የእንጨት ተማሪውን ወንበር፣ የኤሌክትሪክ ተማሪውን መስመር ዝርጋታ ለየብቻ ያስተምራሉ። ሁለቱን በአንድ የመመረቂያ ሥራ ቢያገናኟቸውስ? ጊታር ይሁን ኤሌክትሪክ ክራር ግድ የለኝም። እንጨት ማድረቅ፣ በሚሊ ሜትር መለካት፣ ሽቦ መጠቅለል፣ ብረት መሞረድ፤ አራት ሙያ በአንድ ዕቃ ላይ ነው። ያንን የለመደ እጅ ነገ ሌላም ይሠራል።

ጓደኛዬ የጎበጠውን አንገት አልጣለውም። አዲሱን ከደረቀ እንጨት እየላገ ነው፤ ዘንጉንም አስበየደ። ሲያልቅ ድምፁን እዚሁ እለጥፍላችኋለሁ።

እስከዚያው እናንተ በየከተማችሁ ያለጠያቂ የሚሠራ ማንን ታውቃላችሁ?