ቴምብሩን ለሁለት አትቅደዱት!

«ቴምብር ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» ትሉን ይሆናል። አለው እንላለን! ቼኮችና ስሎቫኮች በአንድ አገር ጥላ ሥር በኖሩባቸው ዓመታት አብረው የሠሩት ጥበብ ያረፈው እዚያች ትንሽ ወረቀት ላይ ነው። ይህን ጥበብ ዛሬ «ይሄ የኔ፣ ያ ያንተ» እያሉ የሚሸነሽኑትን እንቃወማለን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቼኮስሎቫክያ የተመሠረተችው በኦክቶበር 1918 ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በዲሴምበር፣ የመጀመሪያ ቴምብሯን አወጣች፤ ሠዓሊው አልፎንስ ሙኻ ነበር። ሥዕሉ የፕራግን ቤተ መንግሥት ያሳያል፤ ከጀርባው ፀሐይ ትወጣለች። «ፀሐይ በዚያ በኩል አትወጣም!» ብለው የተቹ ነበሩ። የሙኻ ፀሐይ ግን የአዲስ አገር ንጋት እንጂ የሥነ ፈለክ ትምህርት አይደለችም።

ስሎቫኩ በበኩሉ «ንጋቱስ መልካም፤ ቤተ መንግሥቱ ግን የፕራግ ነው፤ የኔ ተራራ የት ገባ?» ቢል እውነቱን ነው። ይህን ቅሬታ አንሸፋፍነውም። «ቼኮስሎቫክ» የሚለውን ቃል «ቼክ» ብሎ ማንበብ የቆየ በሽታ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ ከውርሱ መውጣት ነውን? በማርች 1939 አገሪቱ ስትፈርስ ስሎቫክያ የመጀመሪያ ቴምብሯን ከየት አመጣች? ያንኑ የቼኮስሎቫክያን ቴምብር ወስዳ «የስሎቫክ መንግሥት 1939» የሚል ጽሑፍ ደረበችበት። ጀርመኖች በያዙት የቼክ ምድርም በዚያው በቼኮስሎቫክያ ቴምብር ላይ ሌላ ጽሑፍ ተደረበ። ሁለቱም ጋ ጽሑፉ ተደረበ እንጂ ከሥር ያለው ሥዕል አልጠፋም። ክርክራችን በሙሉ እዚህች ላይ ናት!

እስቲ ሥራውን እንየው። አንዱ ይሥላል። ሌላው ያንን ሥዕል በቴምብሩ ልክ ብረት ላይ ይቀርጸዋል፤ ያውም በግልባጭ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ፣ በመስመርና በነጥብ። እጁ ቢስት ላጲስ የለውም። ሦስተኛው ያትማል። ማክስ ሽቫቢንስኪ በ1920 የፕሬዚዳንት ማሳሪክን ምስል ለቴምብር ሠራ፤ በ1961 ደግሞ፣ ዕድሜው ከሰማንያ አምስት ካለፈ በኋላ፣ ቢራቢሮዎቹን። በስሎቫክ በኩል አልቢን ብሩኖቭስኪ በብራቲስላቫ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ወጣቶችን አስተማረ፤ በ1980ዎቹ የወጡትን የመጨረሻዎቹን የቼኮስሎቫክያ የብር ኖቶች የነደፈው እሱ ነው። ማርቲን ቺኖቭስኪ በቼኮስሎቫክያ ዘመን ቴምብር መቅረጽ ጀምሮ ከ1993 በኋላ ለስሎቫክያ ቀረጸ። የስሎቫክያ ቴምብር ደግሞ ከመለያየቱ በኋላም ለዓመታት ይታተም የነበረው ፕራግ ነው። እንግዲህ ፍረዱ፦ የስሎቫክ እጅ የቀረጸው፣ የፕራግ ማተሚያ ያተመው ቴምብር የማን ነው?

ጃንዋሪ 1 ቀን 1993 አገሪቱ ደም ሳይፈስ ለሁለት ተከፈለች፤ ይህ የሚያስመሰግን ነው። የጋራው ንብረት ባብዛኛው በሕዝብ ቁጥር ልክ፣ ሁለት እጅ ለቼክ፣ አንድ እጅ ለስሎቫክ ተባለ። ይሁን! ታንክ ይቆጠራል፤ አይሮፕላን ይቆጠራል። ከመምህር ወደ ተማሪ የተላለፈ የእጅ ጥበብ ግን በምን ይቆጠራል? አባት ትቶት ያለፈውን የብራና ዳዊት ሁለት ወንድማማቾች መሐል ለመሐል ቀደው አይካፈሉም። ቢቀዱት ሁለቱም ዳዊት የላቸውም፤ ያላቸው ቁራጭ ብራና ነው።

ስለዚህ ለሁለቱም ወገን የምንለው አለን። ፕራጎች ሆይ! ሁሉን ነገር «የቼክ ትምህርት ቤት» እያላችሁ አትጠቅልሉት፤ የስሎቫኩን ሠዓሊና ቀራጭ ስም በስሙ ጻፉ። ብራቲስላቮች ሆይ! ታሪካችሁን ከ1993 አትጀምሩት፤ እንደዚያ ካደረጋችሁ የምትጥሉት የገዛ መምህሮቻችሁን ነው። በ2013 ሁለቱ አገሮች ከቡልጋሪያና ከቫቲካን ጋር ሆነው የቅዱሳን ቄርሎስንና መቶድዮስን ቴምብር በጋራ ሲያወጡ ማን ከሰረ? ማንም!

ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እየተመናመነ ነው። በዚህ ዘመን ዋናው ጥያቄ «የማን ነበር?» የሚለው አይደለም፤ «ነገ ማን ይቀርጸዋል?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ብረቱንና መቅረጫውን ለወጣት እጅ የሚያስረክብ ብቻ ነው። ቼክ ይሁን ስሎቫክ፣ እሱ እውነተኛው ወራሽ ነው እንላለን።