የጽኑ ሕሙማን ሐኪም የሚጠይቀው ጥያቄ

ሰው በብርቱ ታሞ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በገባ ጊዜ፤ ቤተ ዘመዱ በደጅ ተሰብስቦ፤ ሐኪሙ ብቅ ባለ ቁጥር «የሚቻለውን ሁሉ አድርጉለት» እያለ ይለምናል። ቃሉ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በውስጥ ያሉት ሐኪሞችና አስታማሚዎች የሚጨነቁበት ነገር ሌላ መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት የሚገባ መስሎ ታይቶናል።

ይህ ዐይነት ክፍል ብዙ ዘመን የቆየ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የፖሊዮ በሽታ በተነሣ ጊዜ፤ ብዙ ሕሙማን መተንፈስ ተስኗቸው ይሞቱ ነበር። ያን ጊዜ ቢዮርን ኢብሰን የተባሉ ሐኪም፤ የሕመምተኛውን ጉሮሮ በስቶ ቱቦ በማግባት፤ የላስቲክ ከረጢት በእጅ እየጨመቁ አየር መስጠት እንደሚቻል አሳዩ። በቂ መኪና ስላልነበረም 1,500 ያህል የሕክምና ተማሪዎች ሌሊትና ቀን እየተፈራረቁ ከረጢቱን ይጨምቁ ነበር፤ ብዙ ሰውም ከሞት ተረፈ። በሚከተለው ዓመት እኒሁ ሐኪም በዚያው ከተማ ለጽኑ ሕሙማን የተለየ ክፍል አቋቋሙ።

ዳሩ ግን ከጥበቡ ጋራ አዲስ ጭንቀት መጣ። ዛሬ አንዱ መኪና ሳንባን ያስተነፍሳል፤ ሌላው የኩላሊትን ሥራ ይሠራል፤ መድኀኒቱም የደምን ግፊት ይደግፋል፤ ፈጽሞ የተጎዳ አንጎልን የሚመልስ መኪና ግን የለም። ስለዚህ ሐኪሙ ዕድሜን ብቻ አይመለከትም። ሕመምተኛው አስቀድሞ በእግሩ ይሄድ፤ ራሱን ችሎ ይለብስና ይበላ እንደ ነበረ፤ ስንት የሰውነት ክፍሎቹ እንደ ደከሙ፤ ሕክምናውም ወደሚወደው ኑሮ የሚመልሰው ወይስ የመሞቻውን ቀን ብቻ የሚያራዝም እንደ ሆነ ይመረምራል። ይህ በመጀመሪያው ቀን የማይታወቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ለጥቂት ቀን ሙሉውን ሕክምና ሰጥቶ መሻሻሉን ማየት የተለመደ ሆኗል።

ሐኪሞችና አስታማሚዎችም ሁልጊዜ አይስማሙም። በ2010 በ9 የአውሮፓ አገሮችና በእስራኤል፤ በ82 ክፍሎች የሚሠሩ ሰዎች በተጠየቁ ጊዜ፤ ከመቶው 27ቱ በዚያ ቀን ቢያንስ ላንዱ ሕመምተኛቸው የሚሰጠው ሕክምና የማይገባ መስሎ እንደ ታያቸው መለሱ፤ ይልቁንም የሚበዛው ቅሬታ ሕክምናው ከመጠን አለፈ የሚል እንጂ አነሰ የሚል አልነበረም። እኛ እንደሚመስለን፤ ሕመምተኛውን ሌሊቱን ሁሉ የምታገላብጠው አስታማሚ የምትለው ቃል ከሐኪሙ ቃል ያላነሰ ሊሰማ ይገባዋል።

ከቤተ ሰብ የሚፈለገው እንግዲህ ምንድን ነው? በዋሽንግተን የሚኖር አንድ ወዳጃችን የነገረንን እንጻፍ። አባቱ ደም በአንጎላቸው ፈሶ በመተንፈሻ መኪና ላይ ሳሉ፤ ሐኪሚቱ ሦስቱን ልጆች አስቀምጣ፤ «ሕክምናው ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ብሎ መመዘን የኛ ሸክም ነው፤ በእናንተ ላይ አንጥለውም። እናንተ ምን ትፈልጋላችሁ ብዬም አልጠይቅም። አባታችሁ በዚህ አልጋ አጠገብ ቆመው ራሳቸውን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?» አለቻቸው። ወንዶቹ የሚመልሱት ጠፋቸው። አባትየው ኑዛዜያቸውን አስቀድመው ጽፈው ነበር፤ ቤቱን፤ ገንዘቡን፤ መቃብራቸውን ሳይቀር ለይተዋል። ስለዚህ ነገር ግን አንድ ቃል የለበትም። ማንስ ጠይቋቸው ያውቃል? በኛ ልማድ ለታመመ ሰው ስለ ሞት ማንሣት እንደ ማሟረት ይቈጠራል።

ታናሺቱ ልጅ ግን አጎቷ የታመሙበትን ጊዜ አስታወሰች። «ያን ጊዜ ከሆስፒታል ስንመለስ፤ ‹እኔን ሰው የማላውቅ ሆኜ እንዳታቆዩኝ› ብለውኛል» አለች። ታላቅ ወንድሟ ተቈጣ፤ ቃሉን የፈጠረችው መስሎት።

ሐኪሚቱም አምስት ቀን ቀጠሮ ሰጠች። በነዚያ ቀናት የተቻለው ሁሉ ተደረገ፤ አባትየው ግን ዐይናቸውንም አልገለጡ፤ እጃቸውንም አላንቀሳቀሱ። በስድስተኛው ቀን መኪናውን ያነሡ ዘንድ ለሐኪሚቱ የነገራት ያው የተቈጣው ታላቅ ወንድም ነበረ። የሕመም ማስታገሻው ሳይቋረጥ፤ ልጆቹ ሁሉ አልጋውን ከበው ሳሉ፤ በዚያው ማታ ዐረፉ።