ካርዳችሁ ላይ «ወፍ» ተብሎ በቁጥር ተጽፎ ይሆን?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት አይደለም፤ ሐኪም ካርዳችሁ ላይ ስለሚያሰፍረው የበሽታ መለያ ኮድ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አይሲዲ በሚባለው መዝገቡ ለየበሽታው ፊደልና ቁጥር ሰጥቷል። በ10ኛው እትም ሥር የሰደደ የሄፓታይተስ ቢ ኮድ ቢ18.1 ነው። ከአልኮል የመጣ የጉበት ጠባሳ፣ ሲሮሲስ የምንለው፣ ኬ70.3 ሲሆን መንስኤው ያልተገለጸው ኬ74.6 ይባላል። ሆድ ውስጥ ውሃ መቋጠር አር18፣ የዓይን ቢጫ መሆን ደግሞ አር17። እነዚህን የመጨረሻዎቹን ልብ በሉልኝ፤ ምልክት እንጂ በሽታ አይደሉም።

አገራችን ላይ ዓይን ቢጫ ሲሆን «ወፍ ነው» ይባላል። እኛ ሐኪሞች ይህን ስንሰማ እንቆጣለን። ግን አር17 ብሎ ጽፎ ካርዱን የዘጋ ሐኪም በምን ተለየ? እሱም «ወፍ» ነው ያለው፣ በቁጥር። (ባልደረቦቼ አትቀየሙኝ፤ ኦፒዲው ሲጨናነቅ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ።)

ነገሩ የጽሕፈት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ሲሮሲስ ያለበት ሰው ካንሰር ቢጀምረው ቶሎ እንዲገኝ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ መነሳት አለበት። ሆስፒታሉ እነዚህን ሰዎች ለይቶ ልጥራ ቢል መዝገቡን የሚፈልገው በኮድ ነው። አር18 ብቻ የተጻፈለት ሰው ሲሮሲስ ተብሎ ሲፈለግ አይወጣም። ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ሊታይለት ሲችል፣ ከስቶና ሆዱ ተነፍቶ ሲመጣ ነው የምናገኘው።

ኬ74.6 የተጻፈለትስ? እሱ ይወጣል፤ ቤተሰቡ ግን አይወጣም። መንስኤው ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ እህት ወንድሞቹ ሁሉ መመርመር አለባቸው። ክትባቱ አገራችን ውስጥ ከሕፃናት መደበኛ ክትባት ጋር የተጨመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው አልተከተበም።

ኬ70.3 ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንድ ጊዜ «አረቄ ይጠጣል» ተብሎ ከተጻፈ ሌላ ምክንያት የሚፈልግ ይጠፋል። የሚጠጣ ሰው ቫይረሱ አይዘውም ያለው ማነው? ሁለቱም ካሉበት ሁለቱም ኮዶች ይጻፉ።

ታዲያ ኮድ በደንብ ከተጻፈ ይበቃል ማለቴ አይደለም። «ሊሆን ይችላል» ተብሎ ለጥርጣሬ የተጻፈ ኮድ ምርመራው ነፃ ቢወጣም እዚያው ይቀራል። በመድኃኒት እንለይ ብንልም ቴኖፎቪር ለኤችአይቪም ይሰጣል። ስለዚህ ኮዱ ከደም ምርመራውና ከአልትራሳውንዱ ጋር አብሮ መታየት አለበት ባይ ነኝ።

እናንተስ? «ጉበትህ ተጎድቷል» ከተባላችሁ ሳትወጡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የበሽታዬ ስም ምንድን ነው? ያመጣውስ? አይዟችሁ፣ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። መልሱ ሪፈር ወረቀታችሁ ላይ ይጻፍላችሁ፤ የሄፓታይተስ ውጤታችሁንም ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ። ሆስፒታል ስትቀይሩ ካርዱ እዚያው ካርድ ክፍል ነው የሚቀረው።