የደም ቅዳ ሕመምና የቪታሚን ክኒን

የደም ቅዳን መጥበብ ከቧንቧ መዝጋት ጋራ ማመሳሰል ተለምዷል፤ ነገር ግን ቧንቧ ሕይወት የለውም፤ ደም ቅዳ ግን ሕያው አካል ነው። በደም ከሚጓዘው ስብ ጥቂቱ በደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ሲቀር ከኦክሲጅን ጋራ ተዋሕዶ ይበላሻል። ሰውነትን ከተሕዋስያን የሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳትም የተበላሸውን ስብ እንደ ባዕድ ቈጥረው ይውጡታል፤ ከመጠን በላይ ስለሚውጡም በውስጣቸው ስቡ ተከማችቶ አረፋ ይመስላሉ። ከዚያም ሌሎች ሕዋሳትን የሚጠሩ ቅመሞች ያመነጫሉ፤ ስፍራውም ይቈጣል።

እንግዲያውስ ኦክሲጅንን የሚከላከል ቪታሚን ኢ ብንውጥ ይበጃል የሚል አሳብ ይከተላል። እኔም በውጭ አገር ስማር አሳቡ ማርኮኝ ነበር። ዳሩ ግን ሆፕ የተባለው ጥናት ከ9,000 በሚበልጡ ለልብ ሕመም በተጋለጡ ሰዎች ላይ ለ4 ዓመት ተኩል ያህል ተደርጎ፥ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ሲታተም ቪታሚኑ ከልብ ሕመም አለማዳኑ ታወቀ። ያማረ ምክንያት ሁሉ በሰው ላይ ሲፈተን አይጸናም።

አንድ መምህር ወዳጄ ይህን ነግሬያቸው ሳለ ክኒኑን ዛሬም ይገዛሉ። ሲጋራቸውን ግን አልተዉም፤ የሲጋራ ጢስ ደግሞ ያንኑ ስብ ቶሎ እንዲበላሽ የሚያደርግ ነው።