የቤተ ሰብ ጤና፦ ኅዳር ከታጠነ በኋላ

ኅዳር 12 ቀን፣ የመልአኩ የቅዱስ ሚካኤል በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ በየደጁ ጥራጊ ተሰብስቦ ሲቃጠልና መንደሩ በጢስ ሲሸፈን ያላየ ያገራችን ሰው ጥቂት ነው። «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አገራችንን ለመታው ጽኑ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ መታሰቢያ ነው። ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ያ በሽታ በአዲስ አበባ ብቻ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ክፉኛ ታመው ነበር። ሕዝቡ በሽታው ከቈሻሻ በሚነሣ ክፉ አየር የመጣ መስሎት ጥራጊውን አቃጠለ።

ዛሬ ግን ምክንያቱ ታውቋል። የሰውን ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጣው ቫይረስ በ1933 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ተለይቶ ተገኝቷል። በሽታው የሚተላለፈው በሚያስልና በሚያስነጥስ ሰው ትንፋሽ፣ እንዲሁም ባልታጠበ እጅ ነው። ስለዚህ ግቢን መጥረግ መልካም ሥራ ሲሆን ጢሱ ግን በሽታውን አያባርርም፤ ይልቁንም ለሕፃንና ሳል ለያዘው ሰው ሳምባ ጠንቅ ነው። ልማዱ ያስተማረንን የጽዳት ትጋት እናከብራለን፤ ትጋቱ ባንድ ቀን ተወስኖ እንዳይቀር ግን እናሳስባለን።

የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ስለሆነ ቤተ ሰቡ በርና መስኮቱን ዘግቶ ባንድ ክፍል ይሰበሰባል፤ በዚህም ያንዱ ትንፋሽ ለሁሉ ይደርሳል። ስለዚህ ቀን ቀን መስኮት ይከፈት፤ አንሶላና ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። በተዘጋ ክፍል የከሰል ፍም አስቀምጦ መተኛት ነፍስ ያጠፋልና ፈጽሞ አይደረግ። በገበታ ፊት ውኃ ማስታጠብ የአባቶቻችን ደግ ልማድ ነው፤ በሳሙና 20 ሴኮንድ ያህል ሲታሽ ደግሞ ጥቅሙ ይበልጣል። ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫውንና አፉን ሸፍኖ ያስነጥስ፤ እስኪሻለውም ከመሳሳምና ከማጕረስ ይታገሥ፤ ይህን ማድረጉ ፍቅር ማጕደል አይደለም።

የጉንፋን ዋና አደጋ በሕፃናትና በአረጋውያን ላይ ወደ ሳምባ ምች መለወጡ ነው። ሕፃኑ ሲያስል እናቱ ጸጥ ብሎ በተኛበት ደረቱን ገልጣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ትቍጠር። ከሁለት ወር በታች ለሆነው 60፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው 50፣ ካንድ እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ቢሰረጕድ፣ ወይም ጡት መጥባት ቢያቅተው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። «እንጥሉ ወርዷል» ብሎ ማስቈረጥ ደም በማፍሰስና ቍስሉን በመመረዝ ስንት ሕፃን አጥፍቷልና እናቶች እምቢ እንዲሉ እንለምናለን። ዝንጅብል በማር ጕሮሮን ያለሰልሳል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። አንቲባዮቲክም ተራ ጉንፋንን ስለማያድን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ።

ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ይገባል። ቤተ ክርስቲያናችን ሕመምተኛውንና ሰባት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በጾም አታስገድድም። ስለዚህ ትኵሳት የያዘው ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ ትኵስ ሾርባ ይጠጣ፣ ውኃም ያብዛ፤ ሲድን ከወገኖቹ ጋር ይጾማል። እርስዎም ጤነኛ ከሆኑ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ወይም ባልቴት በጎረቤትዎ ቢኖሩ፣ በዚህ ብርድ ሳል ይዟቸው እንደ ሆነ ዛሬውኑ ደጃቸውን አንኳኵተው ይጠይቁልን።